ሞላሌ የተከፈተው የሣልሕ ቤት

ሞላሌ ላይ ከመኪና ወርዶ «ጥሩ ምግብ የት ይገኛል?» ብሎ የጠየቀ መንገደኛ ሁሉ ወደ እኔ ቤት ይላካል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ የሚሆን ጉልበት ካጣሁ ቆይቻለሁ። ነገሩ እንዲገባችሁ ብዬ ነው። ከመሐል ሜዳ የሚወርደው ሹፌር፣ ለስብሰባ የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጓሳ ወጥቶ ጭላዳ ሊያይ የሚሄደው ፈረንጅ ሳይቀር የየትምወርቅን ሽሮ ሳይቀምስ አያልፍም። የትምወርቅ እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አላፊ አግዳሚውን ሳበላ ኖሬ የገዛ አባቴን አንድ ጉርሻ ማጉረስ ያቃተኝ ሴት ነኝ።

አባቴ አቶ ትዕዛዙ ይባላሉ። ምግብ ቤቱን ስከፍት ተጣልተውኛል። ተጣሉ ስል ተጯጯኽን ማለቴ አይደለም፤ እኛ ቤት ጠብ ድምፅ የለውም። «የትዕዛዙ ልጅ ለመንገደኛ ወጥ ጨላፊ ሆነች» አሉ፤ ሰው ፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ርስት ያለው ሰው ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ መግባቷ ውርደት መሰላቸው። ከዚያ ወዲያ በምግብ ቤቴ ደጃፍ አልገቡም። በገበያ ቀን ከገጠር ይመጡና ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ዱላቸውን ተደግፈው ከኪሳቸው ቆሎ ያወጡና ይቆረጥማሉ። በገዛ ልጃቸው ደጅ፣ ቆሎ! ምግብ ስልክላቸው «በልቻለሁ» ብለው ይመልሱታል። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ መላኩን ተውኩት።

እናቴ ጌታነሽ ካረፈች በኋላ አባቴ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የበጎቹን ቁጥር፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ስም፣ በመጨረሻ እኔን። ባለፈው ዓመት ወደ ሞላሌ አምጥቼ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል አስቀመጥኳቸው። ያስገባኋቸው በጓሮ በር ነው፤ በፊት ለፊቱ በር አልገባም ብለው ቆሙብኛ። ስሜን ረስተው እልሃቸውን አልረሱም ነበር።

ይኼኛው ጣጣ የተጀመረው በፍልሰታ ነው። አባቴ ፍልሰታን ሳይጾሙ ያለፉበት ዓመት ትዝ አይለኝም። የንስሐ አባታችን አባ ቴዎፍሎስ «ታመዋል፣ ደክመዋል፣ ዘንድሮ ይቅርብዎ» ቢሏቸው መስቀሉን ተሳልመው ጾማቸውን ቀጠሉ። በፍልሰታ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደወሉ ይደወላል፤ አባቴ ያማትቡና ትንሽ በሶ ይቀማምሳሉ። ከዚያ በፊት ውኃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም። ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ጾሙ ተፈታ። በግ አርደን ነበርና ለእሳቸው የሚሆን ለስላሳ ለስላሳውን ቀቅዬ ይዤ ገባሁ።

«ቅዳሴ ወጣ?» አሉኝ።

«ወጥቷል አባባ። ጾሙም ተፈቷል። ይብሉ።»

«ደወሉን አልሰማሁም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛውም ቀን። ችግሩ ምን መሰላችሁ? በእኛ ቤተ ክርስቲያን በአዘቦት ቀን ከሰዓት የሚደወል ደወል የለም። ቅዳሴ ያለው እሑድና በክብረ በዓል ነው፤ እሱም ጎሕ ሲቀድ ተጀምሮ ጠዋት ያልቃል። አባቴ የሚጠብቁት ደወል በቃ ቀረ። አገር ሁሉ ጾሙን ፈትቶ ወደ ቅቤው ሲመለስ እሳቸው ብቻ ፍልሰታ ውስጥ ቀሩ። ሲያንቀላፉ ጠብቄ በማንኪያ አጥሚት አንጠባጥብላቸዋለሁ። ሲነቁ ከንፈራቸውን በመሐረብ ይጠርጉና «ማነው ያስገደፈኝ?» ብለው ይቆጣሉ።

አባ ቴዎፍሎስ ዘንድ ሄጄ ተንበረከክሁ። «አባቴ፣ አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሦስት ጊዜ ብቻ ደወሉን ይደውሉልኝ።»

«ልጄ፣ ደወል ለአንድ ሰው አይደወልም» አሉ። «ያለ ሰዓቱ ከተደወለ ሕዝቡ ሰው ሞተ ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ምን ልበለው?»

«ቃጭሉስ? መስኮታቸው ሥር ቢያቃጭሉላቸው?»

«ንዋየ ቅድሳት ነው እኮ የትምወርቅ። ከመቅደስ ወጥቶ በየሰው መስኮት አይዞርም።»

«እንግዲያው አባትሽ ይሙቱ ይበሉኛ!» ብያቸው ወጣሁ። የንስሐ አባቴን እንዲያ ተናግሬ አላውቅም። እሳቸው ግን ሳይቀየሙ ማምሻውን ራሳቸው መጡ። አባቴ አጠገብ ተቀምጠው ጾሙ መፈታቱን፣ እግዚአብሔርም የታመመ ሰው ረኀብ እንደማይሻ በጥሞና አስረዷቸው። አባቴ እስከ መጨረሻው አዳምጠው መስቀሉን ተሳለሙና «ደወሉ ሲደወል፣ አባቴ» አሉ።

የጤና ጣቢያዋ ሰርካለም መጥታ ደም ግፊታቸውን ለካች፣ ሆዳቸውን ዳበሰች፤ «ሕመሙ ሆዳቸው ላይ አይደለም» አለች። ይህንንማ እኔም አውቀዋለሁ። ወንድሜ ምስክር ከአዲስ አበባ እየደወለ «ጁስ ሞክሪ፣ ሾርባ ሞክሪ» ይለኛል። ዕድሜ ልኬን ምድጃ ሥር ስኖር ሾርባ የሚባል ነገር መኖሩን ያልሰማሁ ይመስል! «አንተ ናና አብላቸው» አልኩት። ኔትወርኩ ተቆረጠ፤ ወይም እሱ ቆረጠው።

ጾሙ በተፈታ በአሥረኛው ቀን፣ ረቡዕ ነበር፣ ዝናቡ ሲያባራ ጉም ከተማውን ዋጠው። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ገብቼ ሳይ አባቴ የበግ ፀጉር ባናቸውን ገፈው ጥለው፣ ደረታቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል።

«ኤዲያ፣ ምን ዓይነት ሙቀት ነው!» አሉ።

መልሼ ላለብሳቸው ስታገል «የሣልሕ ቤት ተከፈተ?» አሉኝ።

ሣልሕ ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ሌላ ክርክር አልቻልኩም። «ተከፍቷል» አልኳቸው።

«ዓሣ አለው?»

ዓሣ ሞላሌ! የዓሣ ዘር እዚህ አገር ደጋ ላይ ማን አይቶ ያውቃል? ግን የሽምብራ ዓሣ ነበረኝ። ረቡዕና ዓርብ ለጾመኛ ደንበኞቼ የሽምብራ ዱቄት አቡክቼ፣ በዓሣ ቅርጽ ቆርጬ፣ ጠብሼ ወጥ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ዐይኑንና ጅራቱን ሳይቀር አወጣለታለሁ፤ ሥራ አልወድም ካላልኩ በቀር እጄ ጥሩ ነው። ብዙም ሳላስብ ሁለት አወጣሁና በሳህን ይዤላቸው ገባሁ።

አባቴ ሳህኑን አዩት። ስለ ደወል አልጠየቁም፤ ቅዳሴም ትዝ አላላቸውም። ከጅራቱ ጀምረው ሁለቱንም ጨረሱ። «የዛሬው አሁን ከጀልባ የወረደ ነው» ብለው ጣታቸውን ላሱ። እኔ ጓሮ ወጥቼ የእንጨት ክምሩን ተደግፌ አለቀስኩ።

አባቴ በደርግ ጊዜ ዘጠኝ ዓመት አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርዱ ኖረዋል። ስለ አሰብ የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። በልጅነታችን ስንጠይቃቸው «ሙቀት ነው» ብቻ ይሉን ነበር። ለእኔ አሰብ ማለት አባት የሚበላ ቦታ ነው፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለሦስት ፋሲካ ብቻ ነው የለቀቃቸው። ለዘለቄታው የተመለሱት አገር ሲበጠበጥና ሰው ሁሉ ከዚያ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ከዚያ ረቡዕ ጀምሮ ግን አሰብን ከመኖሪያ ሰፈሬ አስበልጬ አወቅኋት። አባቴ አዲስ የመጣሁ የሣልሕ ሠራተኛ አድርገውኛል። አዲስ ሰው ደግሞ የት የት እንደሚበላ ይነገረዋል።

«ስሚ እንግዲህ» አሉኝ አንድ ቀን። «ጠዋት ጠዋት ካምፖ ሱዳን ሰፈር ወለተ ኢየሱስ ጋ ሂጂ። ፉሏን በዘይት ታርሰውና ሽንኩርቱን ጥሬውን ትበትንበታለች። ወረፋ አለ ብለሽ አትመለሺ፤ ማንንም ሳታበላ አትሰድም። ቀትር ላይ ምንም አትብዪ፤ ሙቀቱ ያስመልስሻል። ወደቡ በር ላይ ካሉት አዛውንት ሻይ ቤት ገብተሽ ጥላው ሥር ተኚ፤ ሳትጠጪ ብትተኚም አይቆጡም። ፀሐይዋ ስትበርድ እዚህ ሣልሕ ጋ። ወንበር የለው፣ ጠረጴዛ የለው። አሮጌ ጀልባ ገልብጦ እሱ ላይ ነው የሚያስቀምጥሽ። እግርሽን ባሕሩ ውስጥ ነክረሽ ትበያለሽ። እዚያ የሚቸኩል ሰው የለም። እኔ መንዝ እያለሁ ሳልቸኩል የበላሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።»

እንዲህ ሲናገሩ ፊታቸው በራ። ያን ፊት በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ልንገራችሁ አይደል፤ ቀናሁ። እናቴ መሬታችንን ለእኩል አራሽ ሰጥታ፣ በገብስ ቂጣና በእንባ ስታሳድገኝ እሳቸው ለካ እግራቸውን ባሕር ነክረው ሳይቸኩሉ ይበሉ ነበር። «ሣልሕ እንዲህ ደግ ከሆነ እዚያው አይቀሩም ነበር?» አልኳቸው፤ ከአፌ አመለጠኝ።

ገረማቸው። «ልጅ አለችኝ እኮ» አሉ። «ትንሽ ልጅ።»

ከዚያ ወዲያ አላኮረፍኩም። ሥራዬን ያዝኩ። ጠዋት ባቄላ ቀቅዬ፣ በዘይት አርሼ፣ ጥሬ ሽንኩርት በትኜበት ወለተ ኢየሱስ እሆናለሁ። ቀትር ላይ ሻይ ይዤ ወደቡ በር ላይ እቆማለሁ። ወደ ማታ ደግሞ የክፍሉን ወንበር አውጥቼ፣ የድሮ ገበታ ገልብጬ ጀልባ አደርግና አባቴን አስቀምጣቸዋለሁ። በሳፋ ለብ ያለ ውኃ አመጣለሁ። ጨው እጨምርበታለሁ። እግራቸውን ነክረው የሽምብራ ዓሣቸውን ሲበሉ እኔ ሳፋውን በእጄ እያማታሁ ማዕበል እሠራለሁ። ደንበኞቼ ከፊት ለፊት «የትምዬ፣ ምግቡ ምነው ዘገየ?» እያሉ ይጮኻሉ። አንዱን ቀን «ባሕር ላይ ነኝ!» ብዬ መለስኩላቸው።

ውሸቱ ከበደኝና ለአባ ቴዎፍሎስ ተናዘዝኩ። ጢማቸውን አፍተለተሉ።

«ዓሣው የሽምብራ ነው አልሽ?»

«የሽምብራ ነው።»

«ቅቤ የለውም?»

«የለውም አባቴ።»

«እንግዲያውስ ጾም አልገደፉም» አሉ። «ውሸቱን እኔ እሸከመዋለሁ።»

እስከ መስቀል አራት ሳምንት ያህል እንዲህ ኖርን። ጉንጫቸው ትንሽ ሞላ። ሰርካለም እንኳ መጥታ «ምን ሰጥተሻቸው ነው?» አለችኝ። የሣልሕን ቤት ስም ብነግራት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ያን ሳቄን አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ፉሉን ይዤ ስገባ አባቴ ሳህኑን በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ወለተ ኢየሱስ ተሳፈረች እኮ» አሉ። «ቤቷ ተዘግቷል።»

«አልተዘጋም አባባ፣ ይኸው ፉሏ።»

«ሻንጣዋን የተሸከምኩላት እኔ ነኝ» አሉ። የሌለ ቤት መክፈት እችላለሁ፤ የተዘጋ ቤት መክፈት ግን አልቻልኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት የሚበላ ነገር ጠፋ። በአራተኛው ቀን ወደቡ በር ላይ ያሉት አዛውንት ሻይ ቤታቸውን ዘግተው ወጡ። «ሰው ሁሉ እየሄደ ነው» አሉኝ አባቴ፤ መንገዱን በመስኮት ያያሉ፤ መንገዱ ላይ ያለው የሞላሌ ጭቃ ነው። የቀረው ሣልሕ ብቻ ሆነ። ዓሣው ሁለት የነበረው አንድ ሆነ፤ አንዱም ግማሽ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አባቴ ወደ ቤት እየተመለሱ ነበር። ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ በየማታው አባቴን መልስልኝ እያልኩ ጸልያለሁ። አሁን አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ምድጃዬ ሥር ቆሜ አባቴን አትመልስብኝ፣ እዚያው አቆይልኝ እያልኩ ለመንኩ። ተመልሰው ከመጡ የሚበሉበት ቤት የለማ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ዓሣውንም ሳይነኩ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገበታውን ገልብጬ፣ ሳፋውን አቅርቤ ዓሣውን ይዤ መጣሁ። እግራቸውን ከውኃው አወጡና በነጠላቸው ጫፍ አደራረቁት። ጫማቸውን ጠየቁኝ።

«ለሣልሕ ንገሪልኝ» አሉ፤ «ምግቡን ንቄ አይደለም። አገሬ ልገባ ነው።»

«በልተው ይሂዱ እንጂ። መንገዱ ሩቅ ነው።»

«እሱማ ሩቅ ነው። ሆዴን ባዶ ያደረግኩት ለዚያ ነው» ብለው ፈገግ አሉ። «አንቺ መንዝ ታውቂያለሽ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ከመጣሽ ሞላሌ ላይ ውረጂ። ጥሩ ምግብ የት ነው ብለሽ ማንንም አትጠይቂ፤ እኔ እነግርሻለሁ። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ሰማያዊ በር ያለው ቤት አለ። የልጄ ነው። የትምወርቅ ትባላለች። የወለተ ኢየሱስም የሣልሕም ቤት አይደርስበትም።»

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። «ቀምሰውታል?» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። «አልቀመስኩትም» አሉ። «ኩራት ይዞኝ። ወጥ ጨላፊ ሆነች ብዬ አፌን ከፍቼ በሰው ፊት ተናግሬ፣ በምን ዐይኔ ልግባ? ደጇ ድንጋይ አለ። እሱ ላይ እቀመጥና ከውስጥ የሚወጣውን ሰው ፊት አያለሁ። ፊቱን አጨፍግጎ የገባው ሁሉ ተፍታቶ ይወጣል። አሥራ ሁለት ዓመት አየሁ። ያን ምግብ እንደኔ የሚያውቀው የለም።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አሁን አርጅቻለሁ፤ ኩራቱም አልቋል። ጾሜን እሷ ቤት ነው የምፈታው። ሌላ ቦታ አልቀምስም።»

«አባባ፣ እኔ ነኝ የትምወርቅ!» አልኩ። እግራቸው ሥር ወደቅኩ፤ ሳፋው ተደፍቶ ጨዋማው ውኃ ቀሚሴን አራሰው። «እኔ ነኝ! ቤቱ ይኸው፣ ከግድግዳው ወዲያ ነው!»

ጭንቅላቴን ደባበሱኝ። «አይዞሽ ልጄ» አሉ፣ ለማያውቁት ሰው በሚባል ድምፅ። «አንቺም አገርሽ ትገቢያለሽ።»

ተነሣሁና ክንዳቸውን ይዤ በጓዳው በኩል ወደ ምግብ ቤቱ አስገባኋቸው። በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። የሚበሉት ሰዎች ሁሉ ተነሡ። የመሐል ሜዳው ሹፌር ይሥሐቅ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ሽሮውን ትኩሱን አቀረብኩ፤ ስቸኩል ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት። «ይኸው አባባ፣ የልጅዎ ቤት።»

ግድግዳውን አዩ። ጣሪያውን አዩ። ለሰዎቹ እጅ ነሡ። «መልካም ቤት ነው» አሉ። «የማን ነው?»

እንዴት ይወቁት! አንድ ቀን ገብተውበት አያውቁ። እሳቸው የሚያውቁት ከድንጋዩ ላይ ሆነው ያዩትን ብቻ ነው። ይህ ሲገባኝ መልሼ አንሥቼ በፊት ለፊቱ በር አወጣኋቸውና መንገዱን አሻግሬ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ዱላቸውን ሰጠኋቸው። ቀና ብለው ሰማያዊውን በር አዩ፤ ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

«ደረስኩ» አሉ። «ይኸው ቤቷ።»

«ይግቡ እንግዲህ። ምግቡ ቀርቧል።»

«እገባለሁ። ቅዳሴ ይውጣና እገባለሁ። ደወሉ እስኪደወል እዚሁ ልቀመጥ።»

ይሥሐቅ ተከትሎን ወጥቶ ሁሉንም ሰምቷል። መኪናውን አስነሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሽቅብ ከነፈ። አባ ቴዎፍሎስን ምን ብሎ እንዳሳመናቸው እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። እኔ ድንጋዩ ላይ ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ። የገዛ ቤቴን ከዚያ ሆኜ አይቼው አላውቅም ነበር። አንድ ገበሬ አፉን እየጠረገ ወጣ። አባቴ በክርናቸው ነካ አድርገውኝ «አየሽ ፊቱን?» አሉኝ። ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች፤ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል።

ደወሉ ተደወለ።

አባቴ ቆባቸውን አወለቁ። ማማተብ ጀመሩ፤ በስመ አብ አሉ፣ እጃቸው ከግንባራቸው ወደ ደረታቸው ወረደ። ሽሮው ቀዝቅዞ ይሆን፣ ላሙቀው ይሆን እያልኩ ለመነሣት ዳድቼ ነበር። እጃቸው ደረታቸው ላይ ቆመ። ፀሐይዋን አዩ።

«በዚህ ሰዓት?» አሉ።

ከጎናችን ያለው ቤት በር ተከፍቶ አንዲት ሴት ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ወጣች። «ማን ሞተ?» አለች። ከወዲያ ማዶም ሌላ ሰው ወጣ። ምግብ ቤቴ ውስጥ የነበሩት እጃቸውን ሳይታጠቡ እየተጋፉ ወጡ። «ማን ሞተ? ማን ነው የሞተው?» የሚለው ድምፅ መንገዱን ሞላው። አባቴ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ጥለቱን ገልብጠው ለሐዘን አጣፉት።

«አባባ፣ ማንም አልሞተም። የቅዳሴ ነው። ይግቡና ይብሉ።»

«ዝም በዪ ልጄ፤ ደወሉ እኮ ተደውሏል» አሉ ተቆጥተው። «ሰው ሞቶ እህል አይቀመስም። ነይ፣ ለቅሶ እንድረስ።»

ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ክንዳቸውን ያዝኩ። አንድ ጊዜ ወደ ሰማያዊው በር ዘወር ብለው አዩ።

«ለየትምወርቅ ንገሪያት» አሉኝ። «አባትሽ ሊበላ መጥቶ ነበር በያት። ከለቅሶ መልስ እመጣለሁ።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አልኩ። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይጎርፋል። እኔም ነጠላዬን አዘቀዘቅኩና እጃቸውን ይዤ ማንም ወዳልሞተበት ለቅሶ ሄድኩ።